እምቅ ገቢዬ

ቆንጆ ሰው አይደለሁም። ይህን ከመነሻው የምናገረው፣ ሰው ላስውብ ብሎ የተነሳ ሰው የራሱ ፊት ምን ይመስል ይሆን ብላችሁ እንዳትጨነቁ ነው። በር ስገባ ጆሮዎቼ ይቀድሙኛል። ግንባሬን ሚስቴ ትዕግስት «ሜዳው» ትለዋለች፤ ስሙን ያወጣችለት በፍቅራችን ጊዜ ነው፣ እስከ ዛሬም አልተወችውም። እንዲህ ያለ ሰው ኦስሎ ከተማ ውስጥ የውበት ነርስ ሆኖ ሊከብር ተነሳ ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? እኔም አሁን ስሰማው የምለው እሱኑ ነው። ያን ጊዜ ግን የሚለኝ አላገኘሁም፤ ወይም ሲሉኝ አልሰማሁም።

ሥራዬ ነርስነት ነው። ሲከየም በሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ጠዋት ጠዋት በየክፍሉ እየገባሁ መጋረጃ እከፍታለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ፣ ከዚያ «ዛሬማ እንዴት አምሮብዎታል!» እላለሁ። የመጨረሻዋን ማንም አላዘዘኝም፤ ከእናቴ ቤት ይዣት የመጣሁ ናት። ጥርሳቸው ገና ብርጭቆ ውስጥ ያለ የዘጠና ዓመት ሴት «አምሮብዎታል» ስላቸው ያምኑኛል፣ ቀኑም በሰላም ይጀመራል። እኔም ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ሰላምታ ውሸት ይባላል እንዴ?

እዚህ አገር ነርስ ሥራ አያጣም፤ የሚያጣው ሙሉ ሥራ ነው። ሰውየውን ሙሉውን ይቀጥሩትና ሥራውን በመቶኛ ይሰፍሩለታል፤ ለአንዱ አርባ፣ ለሌላው ስልሳ። ቀሪውን ስልክ ሲደወል እየሮጠ ይሞላዋል። እኔ ብዙ ከሮጥኩ በኋላ መቶ በመቶ የሆነ ቋሚ ቅጥር፣ ፋስት ስቲሊንግ የሚሉትን፣ ያገኘሁ ዕለት ትዕግስት እልልታዋን ስታቀልጠው የሊንደሩድ ሰፈር ጎረቤቶቻችን ፖሊስ ሊጠሩ ምንም አልቀራቸውም። የምንኖርበትን ቤት ባንኩ ያበደረን በዚያች ቅጥር ነው። ትዕግስት ባርነሃገ በሚሉት የሕፃናት መዋያ ውስጥ ትሠራለች፣ የእሷ ሥራ ግን ገና በመቶኛ ነው። ስለዚህ ቤታችን የቆመው በእኔ ቋሚ ሥራ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን አውቅ ነበር። ማወቅ ብቻውን ምን ይጠቅማል?

ነገሩን ያመጣችው የእህቴ ልጅ ሊያ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ንግድ የምትማር፣ ከትምህርቷ ጎን ለጎን በምዕራቡ የከተማው ክፍል አንድ የውበት ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ የሆነች ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ቤታችን ምሳ በልታ ስታበቃ አተኩራ አየችኝ።

«አጎቴ፣ አንተ መርፌ ትወጋለህ አይደል?»

«እወጋለሁ፤ ምነው?»

«ሴሪየስት፣ የምሬን ነው፣ ታዲያ ለምን ጡረተኞችን ትወጋለህ? ሀብታሞችን ውጋ!»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ነርስ ሆኖ ውበት ላይ የተሰማራ ሰው ምን ያህል ሊያገኝ እንደሚችል የሚያትት ገጽ ነው። ከታች ያለውን ቁጥር አይቼ ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ከቁጥሩ በላይ ያለውን ቃል ሊያ «ፖተንሲያል» አለችው፣ እኔ በልቤ ወደ አማርኛ መለስኩት፦ እምቅ ገቢ። እናንተዬ፣ እንዴት ያለ ግሩም ቃል ነው! ገንዘቡ አለ፣ የትም አልሄደም፣ ውስጤ ታምቆ ተቀምጧል፣ የሚጠብቀው መክፈቻ ብቻ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ትዕግስት «ምን ሆነህ ስትገላበጥ አደርክ?» ስትለኝ «ሆዴን ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ የታመቀው እዚያ አካባቢ ነበር።

ኮርሱን ወሰድኩ። ግንባር ላይ ያለውን መስመር የሚያለሰልሰው መርፌ የት የት እንደሚገባ፣ ከንፈርና ጉንጭ የሚሞላውስ እንዴት እንደሆነ ተማርኩ። ሳልኮራ ልናገር፣ እጄ ጥሩ ነው። ደም ሥሩ የጠፋ ሽማግሌ ሲወጋ የኖረ ሰው ለስላሳ ግንባር አያስቸግረውም። የክሊኒኩ ባለቤት ማሪት እጄን አይታ ወዲያው ተቀበለችኝ፤ ሐኪሙ ያዝዛል፣ እኔ እወጋለሁ፣ ደመወዝ የለም፣ ከወጋሁት ላይ ድርሻ ይታሰብልኛል። በሲከየሙ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ከሰዓት በኋላ ወደ ክሊኒኩ መሮጥ ጀመርኩ።

ሁለት ሳምንት ሠርቼ ምንም ጠብ አላለልኝም። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ይላል። እኔ ግን ተመራምሬ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረስኩ፦ ገቢዬን አምቆ የያዘው ቋሚ ሥራዬ ነው! ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው እንዴት ሙሉ ይከብራል? ለሲከየሙ መልቀቂያ አስገባሁ። ሕጉ መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ ሦስት ወር ሥሩ ስለሚል፣ ሦስት ወር ሲሞላ እኔ ሀብታም እሆናለሁ፣ ያን ጊዜ ለትዕግስት አስደሳች ዜና አድርጌ እነግራታለሁ አልኩ። ለሚስት የማይነገር አስደሳች ዜና ምን ዓይነት ዜና እንደሆነ ያገባ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ገንዘቡ ለምን ጠብ እንዳላለ ልንገራችሁ። በዚህ ሥራ ደንበኛው ከፊትህ ይቀመጥና መስተዋት ይይዛል። አንተ «ምኑ ነው ቅር የሚልሽ?» ትላለህ። ደንበኛዋ «እዚህ ጋ አርጅቻለሁ» ትላለች። አንተ ራስህን ነቅንቀህ «አዎን፣ ይታያል፤ እዚህ ጋም እንደዚሁ» ትላለህ። ሥራው ይኸው ነው፤ መርፌው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀላል ነገር ነው። እስቲ እናንተ፣ ከእኛ መካከል ማነው አንዲት ሴት «አርጅቻለሁ» ስትለው «አዎን» የሚል? እኛ ሃያ ዓመት የተለያየነውን ሰው ጎብጦ በምርኩዝ ሲመጣ እንኳ «ምንም አልተለወጥክም!» እንላለን።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የባንክ ሠራተኛ ናት። «ዓይኔ ዙሪያ ተጨማደደ» አለችኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ «የቱ? ኧረ እኔ ምንም አይታየኝም! እንዲያውም ሠላሳ ዓመት የሞላሽ አልመሰለኝም ነበር» አለ። ሴትዮዋ መስተዋቱን ደጋግማ አየች፣ ፊቷ በራ፣ አቅፋኝ ወጣች። ማሪት መጥታ «ደንበኛዋስ?» አለች። «ደስ ብሏት ሄደች» አልኩ።

ቀጥሎ ሁለት ቅንድቦቹ መሐል የተሰመረ መስመር ያለበት ሰውዬ መጣ። ይህ መስመር እኛ አገር ቢሆን ዳኛ ያስብልህ ነበር፣ ግርማ ሞገስ ነው፣ እንዴት ታጠፋዋለህ ብዬ ከልቤ ተቆጣሁት። ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ከንፈሬን ሙላልኝ ያለችን ልጅ «እናትሽ ምን ትላለች?» ብዬ መለስኳት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከክሊኒኩ በሰላምና በደስታ የማሰናብተው ሕዝብ በዛ። በከተማው ውስጥ ሰውን በነፃ ቆንጆ የሚያደርግ ብቸኛው ነርስ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

የኛ ሰዎችስ? ብትሉኝ፣ አንዲት ብቻ መጣች፤ በጥቁር መነጽርና በሻሽ ተሸፋፍና። መጀመሪያ «እኛ አንድ ቤተሰብ አይደለን?» ብላ ዋጋውን አስቀነሰችኝ፤ የተቀነሰው ከእኔ ድርሻ ነበር። እሷን በደንብ ሠራኋት፣ አማረባት። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሴቶች ከበዋት «ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ፈካ ያልሽው?» ሲሏት እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ ጆሮዎቼን አቀናሁ። «ውሃ ነው» አለች። «ውሃ በደንብ እጠጣለሁ።» ያን ጊዜ የዚህ ሥራ መከራ ገባኝ። ያማረበት ይክድሃል። የተበላሸበት ቢኖር ግን ሳይጠሩት ይመሰክርብሃል።

በዚህ ላይ ደግሞ ወሬው ወጣ። ሊያ ለእናቷ፣ እናቷ ለሰው፣ ሰው ለሰው ነገረና እኔ ሀብታም ሆንኩ። ለቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሲጠራ ሁሉም ዞር ብሎ እኔን ያያል። ጓደኞቼ ጋር ምግብ ቤት ገብተን ሒሳብ ሲመጣ «ለአንተ ምንህ ነው! በአንድ መርፌ ታወጣው የለ» እያሉ ይገፉልኛል። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ እከፍላለሁ። ሀብታም መባል እንዲህ ያደኸያል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ታዲያ ትዕግስት መልቀቂያዬን ሊንደሩድ የገበያ ማዕከል፣ አትክልት ስትመርጥ ሰማች። የሲከየሙ የክፍል ኃላፊዬ አግኝታት «ባልሽ ሊለቀን በመሆኑ በጣም አዝነናል» አለቻት። ትዕግስት ቤት ስትገባ አልጮኸችም። ቲማቲሙን አንድ በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠች።

«ለቀህ ነው?» አለችኝ።

«ገና ነው እኮ... ማለት...»

«ለቀህ ነው?»

«ያ» አልኳት በኖርዌይኛ። አማርኛው «አዎን» በዚያች ሰዓት ከብዶኝ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለችና መኝታ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ጩኸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰላምታ አለ፣ ምግብ አለ፣ ወሬ የለም። ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትተኛ እንዳልተኛች አውቃለሁ። ፈርታ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን የፈራሁትን ነገር ለመናገር መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያገኘሁትን መናገር ይኖርብኛል። ያገኘሁት ደግሞ ለመንገድ ካወጣሁት ያንስ ነበር።

የክፍል ኃላፊዬ ደግ ሴት ናት። ሐሙስ ዕለት ጠርታ «ቦታህን ሰኞ ማስታወቂያ አወጣበታለሁ፤ ሐሳብህን ከቀየርክ ከዚያ በፊት ንገረኝ» አለችኝ። በማግስቱ አርብ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ስደርስ ደግሞ ማሪት ቢሮዋ አስገባችኝ።

«እጅህ ወርቅ ነው» አለችኝ። «አፍህ ግን ያከስረኛል። ሰዎቹ ወደዚህ የሚመጡት እውነቱን ሊሰሙ ነው። ዛሬ ከሚመጡት ውስጥ ለአንዱ እንኳ እውነቱን መናገር ካልቻልክ ብንለያይ ይሻላል።»

እንግዲህ አስቡት። ሰኞ ቋሚ ሥራዬ ይሄዳል፣ ዛሬ ማታ ጊዜያዊው ይሄዳል፣ ሚስቴ አታናግረኝም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ መስተዋት ፊት ቆምኩና «ግንባርዎ ተጨማድዷል። ግንባርዎ ተጨማድዷል» እያልኩ ተለማመድኩ። ከአሁን በኋላ በዚያ በር የሚገባ ሰው፣ ንግሥትም ብትሆን፣ እውነቱን ይሰማል ብዬ ማልኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ ቀጣዩ ቀጠሮ በሊያ የተያዘ ነው፦ ሦስት ሰዎች፣ በአንድ ላይ፣ ለምክክር።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ተድላ ገቡ። ጋሽ ተድላ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሠርጋችን ላይ አስቀምጠው የመከሩን፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል። ከኋላቸው ነጠላቸውን ያጣፉ እትዬ አጸደ፣ የሴቶቹ ማኅበር ሰብሳቢ። ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ንግግር የማይወዱት አቶ ሞገስ። ደስ አለኝ! ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ የራሳችን ሰዎች፣ በግልጽ፣ ያለ መነጽርና ያለ ሻሽ! እምቅ ገቢዬ በሩን ከፍቶ የገባ መሰለኝ።

ተሳሳምን። ጤና ተጠያየቅን። አስቀመጥኳቸው፣ ሦስቱም በአንድ ረድፍ ተቀመጡ። ከዚያ ዝም አሉ። ጋሽ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ዝም። እትዬ አጸደ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዝም። ለቁም ነገር የመጣ ትልቅ ሰው ቸኩሎ እንደማይጀምር፣ ባለቤቱ ረጋ እስኪል እንደሚጠብቅ ከልጅነቴ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን እኔ የማሪት ሠራተኛ ብቻ ነበርኩ። አፍረው ነው አልኩ። በእንዲህ ያለ ቦታ ማን አያፍርም? እኔ ላግዛቸው!

«ጋሽ ተድላ፣ አይፈሩ» አልኩና ነጩን የምልክት እርሳስ አነሳሁ። «እውነቱን ነው የምነግርዎት። ግንባርዎ ላይ ሦስት ጥልቅ መስመሮች አሉ። እዚህ፣ እዚህና እዚህ።» በእያንዳንዱ ላይ ነጥብ አደረግሁ። «ከዓይንዎ ሥር ያለው ደግሞ ተንጠልጥሏል። ጉንጭዎ ባዶ ሆኗል።» ጋሽ ተድላ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉኝ። ሰው ነርስ ፊቱን ሲይዘው ዝም ማለት ለምዷል።

ከመስተዋቱ በር ውጭ ማሪት ቆማ ታያለች። አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ! ዕድሜዬን ሙሉ የታፈነው እውነት ሁሉ ተንደቀደቀ።

«እትዬ አጸደ፣ አንገትዎ እድሜዎን ያጋልጣል። ከንፈርዎ ዙሪያ ያለውን ጭረት ከሩቅ አይቼዋለሁ። አገጭዎም ከዱሮው ወርዷል።» ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። «አቶ ሞገስ፣ እርስዎ ጋ ከየት እንደምጀምር ራሱ ቸግሮኛል!» አልኩና ፊታቸውን እንደ ጤፍ ማሳ ነጥብ በነጥብ አደረግሁት። ንግግር የማይወዱት አቶ ሞገስ «እህ» ብቻ አሉ። ማሪት ከውጭ ልታጨበጭብ ምንም አልቀራትም። ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

«ጨረስክ ልጄ?» አሉ ጋሽ ተድላ ዓይናቸውን ገልጠው።

«ጨርሻለሁ። እንግዲህ ከየትኛው እንጀምር?»

«እንጀምር ካልክስ» አሉ በእርጋታ፣ «ባለቤትህ ትዕግስት ልካን ነው የመጣነው። ለሽምግልና።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! የኦስሎ መሬት ግን በረዶ ነው፣ በቀላሉ አይከፈትም።

«ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ፣ እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ሳያልቅ ትሰወራለህ» አሉ እትዬ አጸደ። «የት እናግኝህ? ልጅቷ ሊያ ቀጠሮ ያዘችልን።»

«ታዲያ... ታዲያ ፊታችሁን ስነካ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እኔ የጤና ምርመራ መስሎኝ ነበር» አሉ ጋሽ ተድላ። «ደግሞስ በሰው ቤት ባለቤቱ ሲናገር ይቋረጣል?»

ከዚያ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ጫማቸውን እያየሁ ምክሩን ሰማሁ። ጋሽ ተድላ «ፋስት ስቲሊንግ ማለት በዚህ አገር ርስት ነው» አሉ። ርስቱን የሸጠ ሰው የት ይቀመጣል? ሚስትህ ሌሊት አትተኛም፣ ቤቱ የሁለታችሁ ነው፣ አንተ ግን ብቻህን ሸጥከው አሉ። አቶ ሞገስ «ልክ ነው» አሉ። ሁሉም እውነት ነበር።

«ሆኖም» አሉ ጋሽ ተድላ፣ «ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን መስማት አለበት። እዚህ የምታገኘው ያን ያህል የሚያኮራ ከሆነ ሄደን እሷን እናሳምናለን። ሳትደብቅ ንገረን፤ ምን አገኘህ?»

አገር ሁሉ ሀብታም ነው ብሎ የሚያወራለት ሰው ምን ይበል? አንድ ቁጥር ልፈጥር አፌን ከፈትኩ። ግን ከደቂቃዎች በፊት ለእነዚህ ሰዎች ስለ አንገትና ስለ አገጭ ያን ሁሉ እውነት ተናግሬ አሁን ስለ ራሴ ኪስ መዋሸት አስጠላኝ።

«ምንም» አልኩ። «ምንም አላገኘሁም። ሰው ሲመጣ አምሮብሃል፣ አምሮብሻል እያልኩ እመልሳለሁ። አንዱንም አርጅተሃል ማለት አልቻልኩም።»

እትዬ አጸደ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው።

«እኛን ግን አልማርከንም!» አሉ።

ጋሽ ተድላ ሳቁ። አቶ ሞገስ እንኳ «ልክ ነው» ብለው ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ። እኔም እያፈርኩ አብሬ ሳቅሁ። እትዬ አጸደ ሲበርድላቸው እጄን ያዙኝ። «አትዘን ልጄ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ተጠግቶ ፊቴን ያየ ሰው አልነበረም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ልቤ ተነካ።

«በል አሁን ደውል» አሉ ጋሽ ተድላ። «እኛ እዚሁ እያለን።»

ደውዬ መልቀቂያዬን አነሳሁ። የክፍል ኃላፊዬ ደስ እንዳላት ከድምጿ ይሰማል፤ ሰኞ ጠዋት እንገናኝ አለችኝ። ለማሪት ስነግራት «ዛሬ? ሥራው በገባህ ቀን?» ብላ ግንባሯን ያዘች። ያን ማታ ቤት ገብቼ ለትዕግስት ሁሉንም ነገርኳት፤ ያስቀረሁት የሽማግሌዎቹን ፊት ነገር ብቻ ነው። አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ ከዚያ እራት አቀረበች። ሌሊት ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ተኛች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ ባማረ!

ለካ እኔ ፊታቸውን ማየት አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ስሸኛቸው፣ ነጩን ነጥብ አልጠረግሁላቸውም። እነሱስ አይተያዩም ወይ? ይተያያሉ! ግን ጋሽ ተድላ የእትዬ አጸደን ነጥብ አይተው «ትልቅ ሴት ናቸው፣ ባወራ ያፍራሉ» ብለው ዝም። እትዬ አጸደም የጋሽ ተድላን አይተው እንደዚሁ ዝም። አቶ ሞገስማ ቀድሞውንም ዝም። እያንዳንዳቸው ንጹሕ የሆኑት እሳቸው ብቻ መስሏቸው ሁለቱን በልባቸው እያዘኑላቸው፣ እንዲያ እንደሆኑ ባቡር ተሳፍረው ግሮንላንድ የሚሉት ሰፈር ወረዱ። ጋሽ ተድላ ጤፍ መግዛት ነበረባቸው። አርብ ማታ የግሮንላንዱ ጤፍ ቤት ማን እንደማይኖር ንገሩኝ እስቲ! የከተማው ሐበሻ ግማሹ በርበሬ ሲያሸት፣ ግማሹ የሚያሸተውን ሲያይ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች የክሊኒክ ምልክት ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ ገና ከሳቁ ሳይበርዱ ገቡ።

«ከየት ነው?» ተባሉ።

«ልጃችን ክሊኒክ ደርሰን» አሉ ጋሽ ተድላ።

«ለምን?»

«ለጉዳይ ነው።»

ከዚህ ሌላ ምን ይበሉ? የሰው ቤት ምሥጢር ይዞ የወጣ ሽማግሌ ቢሞት አይናገርም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሁሉ የሚያየው የእትዬ አጸደን ፊት ነበር። አንዷ «አሥር ዓመት ቀንሰዋል» አለች፣ ሌላዋ «አሥራ አምስት» አለች። አንድም መርፌ ያልነካቸው ሴት! ከበው ሲጠይቋቸው እሳቸው «ምሥጢር ነው ልጆቼ» ብቻ አሉ። በሥራው ታሪክ ውስጥ «ውሃ ነው የምጠጣው» ያላለች የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ሆኑ።

ማክሰኞ ማታ ማሪት ደወለች። ትዕግስት ከጎኔ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። «ምን አድርገህ ነው?» አለች ማሪት። ስልኩ አላቆመም፣ የአገርህ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም የሚሉት ለሽማግሌዎቹ የተደረገው ለእኛም ይደረግልን ነው፤ ከአንተ በቀር በሌላ እጅ አንነካም ብለዋል አለች። ሊያ ቀጠሮውን እስከ ፋሲካ ሞልታዋለች። ድርሻህን ከፍ አደርግልሃለሁ ብላም አዲሱን ቁጥር ነገረችኝ፤ የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር ቁጥሩን ትዕግስትም ሰማችው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ ያ እምቅ ገቢዬ ተነቃነቀብኝ። ግን ጠንከር አልኩና አመስግኜ፣ ቋሚ ሥራ አለኝ፣ ይቅርብኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በራሴ ኮራሁ። ምስጋና ጠብቄ ወደ ሚስቴ ዞርኩ።

ትዕግስት አንድ ካልሲ አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈች። ከዚያ ካልሲውን አስቀመጠች።

«ለመሆኑ» አለች፣ «የተነሳ መልቀቂያ እንደገና ማስገባት ይቻላል?»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።